ሽቦና ቆርኪ አምጡ የተባሉት ልጆቻችን

ስለ ናይሮቢ ኮሚኒቲያችን ሲጻፍ በዓላቱን፣ ዕድሩንና የቅዳሜውን የአማርኛ ትምህርት ማንሳት የተለመደ ነው። ልጆቻችን በኬንያ ትምህርት ቤቶች በእጃቸው እየሠሩ ስለተማሩት ሳይንስ ግን የጻፈ የለም። እውነቱን ለመናገር እኛ ወላጆችም በጊዜው አልገባንም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ተለውጦ ብዙዎቻችን ናይሮቢ ስንገባ፣ በጥር 1985 የተጀመረው «8-4-4» ሥርዓተ ትምህርት ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። የታሰበው ተማሪው የቢሮ ሥራ ብቻ እንዳይጠብቅ ስለሆነ፣ ግብርና፣ የእጅ ሥራና የቤት ሙያ ፈተና ውስጥ ገቡ።

ልጆቹ ሽቦ፣ ጣውላ፣ ቃጫ፣ ቆርኪ አምጡ እየተባሉ ይመጡ ነበር። አገር ቤትም የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበረን፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም እንጂ። «ልጄን የላክሁት ቀለም ሊቆጥር ነው ወይስ ቆሻሻ ሊለቅም?» ያላለ ወላጅ ጥቂት ነው። ወጪውም ለስደተኛ ኪስ ከባድ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ የደረሱት ደግሞ «ሳይንስ ኮንግረስ» ይገቡ ነበር። ተማሪ የሠራውን ይዞ ዳኞች ፊት የሚያስረዳበት፣ ከትምህርት ቤት ተነሥቶ እስከ አገር አቀፍ የሚደርስ ውድድር ነው።

አንዲት ልጃችን የከሰል ምድጃ ይዛ ቀረበች። በኬንያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ጂኮ ወገቡ ቀጠን ያለ ቆርቆሮ ሆኖ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ ነው፤ ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል። አገር ቤት «ላቀች» የምንለው ምድጃም መነሻው ይኸው ጂኮ ነው። ልጅቱ ካሙኩንጂ ሄዳ፣ ፀሐይ ላይ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የሚውሉትን የ«ጁዋ ካሊ» ባለሙያዎች ስትጠይቅ ውላ፣ አንድ ሸክላ ያለው አንድ የሌለው አሠርታ መጣች። እኩል ከሰል መዝና፣ እኩል ውኃ ጥዳ፣ የእናቷን የእጅ ሰዓት ይዛ ለካች። ሸክላ የሌለው ቀድሞ ከሰሉን ጨረሰ። ቤት ውስጥ የነበረውን የከሰል ክርክር በዚያው ዘጋችው።

እስከ ክፍለ ሀገር አለፈች። ቀጣዩ ዙር ሌላ ከተማ ሆነ። የስደተኛ ወረቀቷ ገና ስላልወጣ፣ መንገድ ላይ ፍተሻ ትያዛለች ብለን አስቀረናት። ያስቀረናት እኛ ነን፤ ትምህርት ቤቱ አይደለም። ዛሬም ሲነሳ ያመናል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሸክሙ በዛ ተብሎ እነዚያ ትምህርቶች ከአንደኛ ደረጃው ፈተና ሲቀነሱ ደስ ብሎን ነበር፤ አሁን ያሳፍረናል። በ2019 ከታች ክፍሎች የተጀመረው አዲሱ ሥርዓት ካርቶንና ቆርኪውን መልሶ አመጣው። ያኔ ሽቦ ያጣምሙ የነበሩት ዛሬ ወላጆች ናቸው። እነሱም ስለ ወጪው ያማርራሉ፤ ግን ልጁ ሲሠራ አብረውት መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የቅዳሜ ትምህርታችን እስካሁን አንድ የመሣሪያ ጠረጴዛ የለውም። የልጅቱ ምድጃ ግን ሸክላው ተሰንጥቆም በማኅበሩ ኩሽና አለ፤ በበዓል ቀን ቡና ይፈላበታል።