ዋግሹም ጎበዜና የእንግሊዝ መድፍ

አንድ ኃያል መንግሥት ጦሩን አስከትሎ «በአገራችሁ ልለፍ» ሲል፣ አቅም የሌለው ገዥ ምን ይመልሳል? የዛሬው ዝግጅታችን ይህ ጥያቄ ወደ ገጠማት ወደ ሰቆጣ ይወስደናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ፣ ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚገባባት የገበያ ከተማ ነበረች። ከባሕር ግን ሩቅ ናት። ይህን ርቀት ልብ በሉ።

በ1860ዎቹ ዋግንና ላስታን የያዙት ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ያሰቀሉት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ስለዚህ ጄኔራል ናፒዬር የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስለቀቅ 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ በዙላ በኩል ሲመጣ፣ ጎበዜ የሚያግዱበት ምክንያት አልነበራቸውም። አሳለፉት። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫም አሳለፉት። ልዩነቱ፣ ከባሕር የሚመጣው የእንግሊዝ ስንቅ የሚያልፈው በካሣ አገር መሆኑ ነው። ናፒዬር በፌብሩዋሪ 1868 ካሣን ፊት ለፊት አግኝቶ ተነጋገረ። ሰቆጣን ግን ጦሩ በስተምዕራብ ትቷት ወደ ደቡብ ወረደ።

በኤፕሪል መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። ቀጥሎ የሆነው ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሁለቱ ተቀናቃኝ የወሎ ሙስሊም እመቤቶች፣ ወርቂትና መስታወት፣ ከእንግሊዝ ጎን ቆመው ስለነበር እያንዳንዳቸው ምሽጉ ለእኔ ይገባል አሉ። ናፒዬር ግን ወሎዎችን ይገታልኛል ብሎ ምሽጉን ለክርስቲያኑ ለጎበዜ ሊሰጥ ፈለገ። ጎበዜ ደግሞ የፈለጉት የቴዎድሮስን መድፎች ነበር። በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ነገሩ የገባቸው እሳቸው ነበሩ፤ ያለ መድፍ ምሽግ ምን ያደርጋል? ናፒዬር መድፎቹን ሰባበረ፣ ምሽጉን አቃጠለ፣ ተመለሰ። እመቤቶቹም ጎበዜም የጠየቁትን አላገኙም። ሲወጣ ግን ለካሣ 12 መድፍና ከ700 በላይ ጠመንጃ ከነጥይቱ ትቶላቸው ሄደ። መመለሻ መንገዱም በእሳቸው እጅ ነበራ!

ጎበዜ በዚያው ዓመት ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የካሣን እህት ድንቅነሽን አግብተው ነበር፤ ዝምድናው ግን ጦርነቱን አላስቀረም። በጁላይ 1871 60 ሺህ ያህል ሠራዊት ይዘው ዐድዋ አጠገብ ሲደርሱ፣ የካሣ ጦር 12 ሺህ ያህል ብቻ እንደነበር ይነገራል። ይህ ጦር የእንግሊዝ መሣሪያ የታጠቀ፣ ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ያሠለጠነው ነው። ተክለ ጊዮርጊስ ተማረኩ፣ በእስር ላይም ሞቱ። ካሣ በጃንዋሪ 1872 አክሱም ላይ አፄ ዮሐንስ ተባሉ። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች «ተጠመቁ» ያሉት እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ከአሥር ዓመት በፊት የወሎ እመቤቶች የእንግሊዝን ወዳጅነት ተማምነው ነበር።

የዮሐንስ ወዳጅነትስ ምን ያህል ቆየ? የግብፁ ኸዲቭ ኢስማዒል ጦር በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራዕ ላይ ሲመታ እንግሊዝ አልረዳቻቸውም። በጁን 1884 ግን አድሚራል ሂዊት ውል ይዞ ዐድዋ መጣ። ዮሐንስ በመህዲ ተከታዮች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል ሊያስወጡ፣ በምላሹ ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ ዕቃቸውና መሣሪያቸው በምፅዋ በነፃ ሊያልፍ ተስማሙ። ወታደሮቹን አስወጡ፤ በዚህም የመህዲን ተከታዮች ጠላት አደረጉ። እንግሊዝ ግን ፈረንሳይ በቀይ ባሕር እንዳትስፋፋ ሰግታ ጣሊያን ምፅዋን እንዲይዝ ፈቀደች። ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ብቻ ሆኖት፣ በፌብሩዋሪ 1885 የጣሊያን ወታደር ወደቡ ላይ ወረደ። ዮሐንስ ከመህዲ ተከታዮች ጋር ሲዋጉ በማርች 1889 መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። ምፅዋ ያን ጊዜም በጣሊያን እጅ ነበረች።