የዞምቢ ፍቅር ልብወለድ

የዞምቢ ፍቅር ልብወለድ የፍቅርን ታሪክ ከሕያዋን ሙታን ወረርሽኝ ለመትረፍ ከሚደረግ ትግል ጋር አጣምሮ የሚተርክ፣ ብዙ ጊዜም መቼቱን ትንሽ ከተማ ወይም መንደር የሚያደርግ የድርሰት ዘርፍ ነው። ሥጋ በሊታው ዞምቢ የዛሬ መልኩን የያዘው በጆርጅ ሮሜሮ ፊልም «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ታሪኩም የሚፈጸመው በገጠር ፔንሲልቫንያ ነው። «ሾን ኦፍ ዘ ዴድ» (2004) የተሰኘው ፊልም ደግሞ በዞምቢ ታሪክ ላይ ፍቅርንና ቀልድን አከለበት።

የትንሽ ከተማ መቼት ለዘርፉ ዋነኛ ጉልበቱ ነው፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ስፍራ ከአጥሩ ማዶ የሚያቃስተው በድን ጎረቤት ወይም ዘመድ ነውና። በኬሪ ራያን «ዘ ፎረስት ኦፍ ሃንድስ ኤንድ ቲዝ» (2009) ሜሪ በሽቦ በታጠረች መንደር ትኖራለች፤ እናቷ ተነክሳ ከጫካው ሙታን ትቀላቀላለች፤ እሷም ለሃሪ ታጭታ ሳለ ልቧ ወንድሙን ትራቪስን ይመርጣል። አይዛክ ማሪየን በ«ዋርም ቦዲስ» (2010) አፍቃሪውን ራሱን ዞምቢ አደረገው፤ መጽሐፉም በ2013 ለፊልም በቃ። «አና ኤንድ ዘ አፖካሊፕስ» (2017) የተሰኘው ፊልም ደግሞ የዞምቢና የፍቅር ታሪክን በስኮትላንድ ትንሽ ከተማ፣ በገና ሰሞን፣ በሙዚቃዊ ድራማ አቅርቦታል።