የምርምር መጽሔቶች ኅብረት፦ ዕውቀትን ለሁሉ የማዳረስ ጥረት አጭር ታሪክ

መግቢያ

የአንድ ምርምር ጥቅም የሚለካው በመከናወኑ ብቻ ሳይሆን ለሚገለገልበት ሰው በመድረሱም ጭምር ነው። በአንድ አገር ምሁራን የተዘጋጀ ጥናት በዚያው አገር መምህርና ሐኪም እጅ ሳይገባ ቢቀር፣ የፈሰሰበት ጉልበትና ገንዘብ እንደባከነ ይቈጠራል። ይህ ጽሑፍ የምርምር መጽሔቶች በተናጠል ሊወጡት ያልቻሉትን ይህን ችግር በኅብረት ለመቋቋም ያደረጉትን ጥረት በታሪክ ቅደም ተከተል ለመመርመር ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደብዳቤ ወደ መጽሔት

እስከ 17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የአውሮፓ ምሁራን ግኝቶቻቸውን የሚለዋወጡት በአብዛኛው በደብዳቤና በመጽሐፍ ነበር። በጥር ወር 1665 በፓሪስ፣ በመጋቢት ወር ደግሞ በለንደን የመጀመሪያዎቹ የምሁራን መጽሔቶች ታተሙ። የለንደኑን መጽሔት የመሠረተው የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ ሲሆን፣ ሥራውን ያካሄደው በግል ኀላፊነቱ ነበር። ከዚህ አገኛለሁ ብሎ የተመኘው ገቢ ግን እንዳሰበው አልሆነለትም። ማኅበሩ የመጽሔቱን ኀላፊነት በይፋ የተረከበው ዘግይቶ በ1752 ነው። ከዚህ እንደምንረዳው፣ «ወጪውን ማን ይሸፍን?» የሚለው ጥያቄ ከመጽሔቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በኋለኞቹ ዘመናት የየአገሩ የምሁራን ማኅበራት መጽሔቶቻቸውን ያለ ክፍያ በልውውጥ ሲሰጣጡ ኖረዋል። ይህም ልማድ የመጽሔቶች ትብብር ቀደምት መልክ ነው ሊባል ይችላል።

የዋጋ ንረትና የታናናሾቹ መጽሔቶች ዕጣ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምርምር ሥራ በከፍተኛ ፍጥነት ተስፋፋ፤ ብዙ መጽሔቶችም ከማኅበራት ወደ ነጋዴ አሳታሚዎች እጅ ገቡ። ሥራው ለአሳታሚው እጅግ የተመቸ ነበር። ደራሲው ጽሑፉን ያለ ክፍያ ያስረክባል፤ የሙያ ባልደረቦቹም በአብዛኛው ያለ ክፍያ ይገመግሙታል፤ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ግን ያንኑ ሥራ በገንዘብ መልሶ ይገዛል። አንዱ መጽሔት ሌላውን ስለማይተካ ገዢው ወደ ርካሹ ለመዞር አይችልም። በመሆኑም በተለይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዋጋው ከቤተ መጻሕፍት በጀት በላይ እየናረ ስለሄደ፣ ባለጸጎቹ አገሮች እንኳ ደንበኝነታቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት በነበረባቸው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነበር።

በታዳጊ አገሮች የሚታተሙት መጽሔቶች ችግር ከዚህ የተለየ ነው። የቅጂያቸው ብዛት አነስተኛ፣ የፖስታ ወጪያቸው ከባድ፣ የኅትመት ጊዜያቸውም የሚዛባ ስለነበር በታወቁት ዓለም አቀፍ ማውጫዎች ውስጥ እምብዛም አይመዘገቡም ነበር። ያልተመዘገበ መጽሔት አይጠቀስም፤ መጽሔቱ ካልተጠቀሰ ምሁሩ የተሻለውን ሥራውን ወደ ውጭ ይልካል፤ ጥሩ ጽሑፍ ያጣው መጽሔትም ይበልጥ እየደከመ ከማውጫው ይርቃል። ይህን የችግር ቀለበት አንድ መጽሔት ብቻውን ሊሰብረው አይችልም።

የብራዚል ፈለግ

ለችግሩ ጎልቶ የሚታይ መፍትሔ ያስገኘችው ብራዚል ናት። በ1997 የሳኦ ፓውሎ ክፍለ ሀገር የምርምር ድጋፍ ድርጅት ከላቲን አሜሪካና ካሪቢያን የጤና ሳይንስ መረጃ ማእከል ጋር በመተባበር በአሥር የብራዚል መጽሔቶች ላይ ሙከራ ጀመረ። ሲኤሎ የሚል ስያሜ የተሰጠው ይህ ሥራ በ1998 ለሕዝብ ክፍት ሆነ፤ ማንም ሰው በኢንተርኔት አማካይነት ሙሉውን ጽሑፍ ያለ ክፍያ ለማንበብ ቻለ። ቺሊና ሌሎችም የአካባቢው አገሮች ተከታትለው ገቡበት፤ ቈይቶም ደቡብ አፍሪካ በሳይንስ አካዳሚዋ አማካይነት ተቀላቀለች።

የሲኤሎ ጥንካሬ ከመሣሪያው ይልቅ በአሠራሩ ላይ የተመሠረተ ነው። መጽሔቶቹ አዘጋጆቻቸውንና የሙያ ነጻነታቸውን እንደያዙ ይቀጥላሉ፤ ነገር ግን አንድ የመምረጫ መመዘኛ፣ አንድ የጽሑፍ አደረጃጀትና አንድ የመቍጠሪያ ዘዴ በጋራ ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ አገር የራሱን ስብስብ ያስተዳድራል። ጽሑፎቹም በፖርቱጋልኛ፣ በስፓኝኛና በእንግሊዝኛ ይቀርባሉ። ለአንዱ መጽሔት ከዐቅም በላይ የነበረው ወጪ ለብዙዎች ሲከፋፈል ተቻለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን አነጋገር ሁኔታውን በሚገባ ይገልጸዋል።

የአፍሪካ መጽሔቶች

በዚያው በ1998 የአፍሪካን መጽሔቶች በኢንተርኔት የሚያስተዋውቅ አገልግሎት በአንድ የእንግሊዝ አገር ድርጅት ተጀመረ። መጀመሪያ የሚያቀርበው የጽሑፎችን ዝርዝርና አጭር ይዘታቸውን ብቻ ነበር። በ2005 አስተዳደሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተዛወረ በኋላ እየሰፋ ሄዶ፣ ዛሬ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ በመቶ የሚቈጠሩ የአፍሪካ መጽሔቶች ይገኙበታል። በ2001 ደግሞ በካናዳ የተዘጋጀ የመጽሔት ማካሄጃ ፕሮግራም በነጻ መታደል ስለጀመረ፣ አነስተኛ ዐቅም ያላቸው አዘጋጆች ጽሑፍ ከመቀበል እስከ ማሳተም ያለውን ሥራ ያለ ግዢ ለማከናወን ቻሉ።

አዲሱ የክፍያ በር

በታኅሣሥ ወር 2001 በቡዳፔስት የተሰበሰቡ ምሁራን በየካቲት ወር 2002 ባወጡት መግለጫ «ክፍት ተደራሽነት» የሚለው ሐሳብ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ይሁን እንጂ በብዙ መጽሔቶች ዘንድ ከአንባቢው የተነሣው ክፍያ ወደ ደራሲው ተዛወረ። ለማንበብ የተከፈተው በር ለመጻፍ ሲዘጋ፣ ችግሩ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልተወገደም። በተለይ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ የታዳጊ አገር መምህር የሚጠየቀውን ሂሳብ ለመክፈል ይቸገራል። ወጪውን የሕዝብ ተቋማት በጋራ ሸፍነው አንባቢውንም ደራሲውንም ነጻ የማድረጉ የላቲን አሜሪካ ልምድ የብዙዎችን ትኩረት የሳበው በዚህ ምክንያት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በኅዳር ወር 2021 ስለ ክፍት ሳይንስ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል።

የኢትዮጵያ ድርሻ

በአገራችን የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በ1963፣ የኢትዮጵያ ትምህርት መጽሔት በ1967፣ የሳይንስ ፋኩልቲው «ሲኔት» ደግሞ በ1978 ተመሥርተዋል። በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተከናወኑ ጥናቶች በአንድ ብሔራዊ የዲጂታል ማኅደር እንዲቀመጡ አዟል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ማኅደር የተጻፈውን ይጠብቃል እንጂ የመጽሔትን አዘጋጅ፣ ገምጋሚና አራሚ አይተካም። ከዚህም በላይ የምርምር መጽሔቶቻችን በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የተደረገ ጥናት በአገሩ ቋንቋ የሚያስተምረው መምህር በማያነበው ቋንቋ ብቻ ከቀረበ፣ በነጻ ቢታደልም ክፍት ሆነ ለማለት ያስቸግራል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ሦስት ነጥቦችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ኅብረቱ የጸናው መጽሔቶቹ ነጻነታቸውን ሳያጡ መመዘኛቸውን አንድ ባደረጉበት ስፍራ ነው። ሁለተኛ፣ በነጻ መነበብ ማለት ወጪ የለም ማለት ስላልሆነ፣ ቋሚ በጀት የሚመድብ የሕዝብ ተቋም ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ቋንቋ የተደራሽነት አካል ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየፊናቸው አዳዲስ መጽሔት ከማቋቋማቸው በፊት ያሉትን በጋራ ለማጠናከር ቢመክሩ፣ ቢያንስም የእያንዳንዱን ጽሑፍ አጭር ይዘት በአገር ቋንቋ ቢያቀርቡ፣ ምርምሩ ከተነሣበት ኅብረተሰብ ዘንድ ተመልሶ ለመድረስ መንገድ ያገኛል።