በማይክሮኮንትሮለር ውስጥ የተካተተ የኤተርኔት መቆጣጠሪያ፦ ገጽታዎችና የአሠራር ስልቶች

ይህ መረጃ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኙ መሣሪያዎችን ለሚሠሩ ተማሪዎች፣ የፈጠራ ባለሙያዎችና አነስተኛ አምራቾች የተዘጋጀ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣን ሙቀት የሚከታተል መሣሪያ መልእክቱን ሳያደርስ ቢቀር ጉዳቱ ከመሣሪያው ዋጋ ይልቃል። ስለሆነም መቆጣጠሪያው የሚሠራውንና ለሠሪው የተተወውን ሥራ አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ለአብነት ኤስቲኤም32ኤፍ407 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር ቀርቧል።

በውስጡ ያለውና የሌለው

በቺፑ ውስጥ የሚገኘው የኤተርኔት ፍሬሞችን የሚያዘጋጀውና የሚቀበለው «ማክ» የተባለው ክፍል ነው። በሰከንድ 10 ወይም 100 ሜጋቢት ይሠራል። ምልክቱን በኬብሉ ላይ የሚያስተላልፈው «ፋይ» የተባለው ክፍል ግን በውስጡ ስለሌለ ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል። በስም የሚቀራረበው ኤስቲኤም32ኤፍ405 ደግሞ የኤተርኔት መቆጣጠሪያ ጭራሽ የለውም።

ዋና ዋና ገጽታዎች

• የራሱ ዲኤምኤ፦ ፕሮሰሰሩን ሳያደክም መረጃን ከሜሞሪ ይወስዳል፣ ወደ ሜሞሪም ያደርሳል። ሆኖም ሲሲኤም የተባለውን 64 ኪሎባይት ሜሞሪ መድረስ ስለማይችል የመላኪያና የመቀበያ ቋቶች በዚያ መቀመጥ የለባቸውም።
• የአድራሻ ማጣሪያ፦ እስከ አራት ባለ 48 ቢት አድራሻዎችን በትክክል ለይቶ ይቀበላል።
• የስህተት ማረጋገጫ ድምር፦ የአይፒ፣ የቲሲፒ፣ የዩዲፒና የአይሲኤምፒ ድምሮችን በራሱ ያሰላል። በመላክ ጊዜ ይህ የሚሠራው ሙሉው ፍሬም በቋቱ ተከማችቶ እንዲላክ ሲደረግ ብቻ ነው።
• የጊዜ ማህተም፦ በአይትሪፕልኢ 1588 ደረጃ መሠረት የመሣሪያዎችን ሰዓት ለማጣጣም ያገለግላል።

የአሠራር ስልቶች

ከፋይ ጋር የሚገናኝበት መንገድ፦ ኤምአይአይ 16 የመረጃና የመቆጣጠሪያ መስመሮችን ይፈልጋል፤ አርኤምአይአይ ደግሞ 7 መስመሮችና የ50 ሜጋኸርትዝ ሰዓት ይበቁታል። ምርጫው የማክ ሰዓት ከመከፈቱ በፊት መደረግ አለበት።

ግማሽና ሙሉ ዱፕሌክስ፦ በግማሽ ዱፕሌክስ መላክና መቀበል በተራ ይከናወናሉ፤ በሙሉ ዱፕሌክስ በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። በስልቱና በፍጥነቱ ላይ ከስዊቹ ጋር የሚስማማው ፋይ ነው፤ ማክ ግን ውጤቱን በራሱ አያውቅም። ሶፍትዌሩ ውጤቱን ከፋይ አንብቦ በማክ ላይ መመዝገብ አለበት። በዱፕሌክስ ስልት ሁለቱ ካልተጣጣሙ ግንኙነቱ ያለ መስሎ ይታያል፤ የመረጃ ልውውጡ ሲበዛ ግን ፍሬሞች ይጠፋሉ። ጉድለቱ በቀላል ሙከራ ስለማይገለጥ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መሣሪያው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው።

ሁሉን የመቀበል ስልት፦ ማጣሪያውን አልፎ ማንኛውንም ፍሬም ይቀበላል። ለፍተሻ እንጂ ለዘወትር አገልግሎት አይመከርም።

ኃይል ቆጣቢ ስልት፦ ማይክሮኮንትሮለሩ አርፎ ሳለ ልዩ የማንቂያ ፍሬም ሲደርስ ይነቃል። ለዚህም ፋይ ኃይልና ሰዓት እንዳይቋረጥበት ያስፈልጋል።

ወደ አገልግሎት ከመግባቱ በፊት የሚረጋገጡ

1. እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የሆነ፣ ከሌላው የማይመሳሰል የማክ አድራሻ እንዳለው፤ ቺፑ ከፋብሪካ አድራሻ ተሰጥቶት አይመጣም።
2. ኬብሉ ተነቅሎ ሲመለስ ሶፍትዌሩ የፋይን ውጤት እንደገና እንደሚያነብ።
3. ሙከራው በአጭር መልእክት ብቻ ሳይወሰን በከፍተኛ የመረጃ ፍሰትም እንደተካሄደ።