እስኪበቃው

በ2014 ክረምት ከአዲስ አበባ ለአያቴ ደወልኩላት። የምትኖረው ላይ ጋይንት ነው፣ ከነፋስ መውጫ ከተማ ብዙም ሳይርቅ።

«እምዬ፣ ድፎ ዳቦ ልጋግር ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። «ማን? አንተ?»

ላፕቶፔ ላይ ሰንጠረዥ ከፍቼ ተዘጋጅቻለሁ፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ሰዓት፣ ሙቀት። የዱቄቱን ራሴ ሞላሁት፣ 1 ኪሎ። የቀረውን እሷ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ውሃ ስንት ላድርግ?»

«እስኪበቃው።»

«እርሾስ?»

«እንደ አየሩ ነዋ።»

«ስንት ሰዓት ላቆየው?»

«ኩፍ እስኪል።»

«እሳቱስ፣ እምዬ?»

«እሳቱንማ ታየዋለህ፣ ልጄ። ዓይን የለህም?»

ሰንጠረዡ ባዶውን ቀረ። ዳቦው ደግሞ ከላይ ጠቁሮ፣ ከውስጥ ሊጥ ሆኖ ወጣ። ዳር ዳሩን ሻይ ውስጥ እየነከርኩ በላሁት፤ አያቴ ቤት ላደገ ሰው እህል መጣል አይሆንለትም።

የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው። በእኛ ሥራ ኮምፒውተርን «ይህን 10 ጊዜ ድገም» ማለት ይቻላል፤ «ይህ እስኪሆን ድረስ ድገም» ማለትም ይቻላል። የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው ግን በየዙሩ ቆም ብሎ «በቃው ወይስ አልበቃውም?» ብሎ የሚያይ ነገር ይፈልጋል። እኔ የጠየቅኋት የመጀመሪያውን ነበር፤ እሷ የመለሰችልኝ ሁለተኛውን። ስለዚህ «በቃው» የሚባለው መቼ እንደሆነ በዓይኔ ለማየት ጥር 2015 ላይ ሄድኩ።

*

ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ነፋስ መውጫ። ከወረታ የሚነሳው ይህ መንገድ እስከ ወልድያ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ስለሆኑ አገሩ ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከመንገዱ በፊት ጋይንትን የሚያቋርጥ ሰው ሲመሽበት «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከሰው ደጅ ይቆም ነበር። ባለቤቱ ያለውን ያቀርባል፤ እንግዳው መርቆ ይሄዳል። ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር ነበር።

ነውሩ አዲስ አበባም ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ከፍሎ የሚበላ ሰው ጠፋ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው ወጡ ይባላል። እዚያ ውጭ መብላትን ያስለመደው ንጉሥ ከሆነ፣ ጋይንት ላይ ያስለመደው አውቶቡስ ነው። የተራበ መንገደኛ በየቀኑ ሲራገፍ ሻይ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ «ሆቴል» የሚል የተጻፈበት ጭቃ ቤት በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደረደረ።

የእኔም አውቶቡስ ጋሳይ ላይ ቆመ። ልጆች በሳፋ ትኩስ የድንች ቅቅል ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ጉም ለብሷል። ድንቹን በጨውና በሚጥሚጣ፣ ጣቴን እያቃጠለኝ በላሁት። ድንች ለዚህ አገር የትናንት እንግዳ ነው፤ በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ግን የጉና ግርጌ ሰው ጎተራው ሲጎድል ክረምቱን የሚሻገረው በድንች ነው።

ነፋስ መውጫ ገብቼ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ነጭ ዳቦ መጣልኝ። «የቤት ዳቦ የለም?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ፉርኖ ነው ያለው» አለችኝ ልጅቷ።

ፉርኖ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። ጣልያን ሄደ፣ ቃሉ ጋይንት ሻይ ቤት ውስጥ ቀረ። ዳቦው እንደ አዲስ አበባው ነው፤ ለስላሳ፣ ቀላል፣ በሦስት ጉርሻ የሚያልቅ። ልጅቷ ፊቴን አይታ መሰለኝ «የቤት ዳቦማ ሰው ቤት ሄደህ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

*

አያቴ ቤት ስደርስ ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ ሆኖ፣ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ከምድጃው ጥግ ተቀምጧል። እንደ ታመመ ሕፃን ነበር የምትጠብቀው።

ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የጥር ሌሊት ውርጭ ስለሆነ እርሾው ይሰንፋል፤ ቆላ ላይ በጥቂት ሰዓት ኩፍ የሚለው ሊጥ እዚህ ሌሊቱን ሙሉ ይጠበቃል። «እንደ አየሩ» ያለችኝ ይህን ኖሯል።

ዱቄቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ስንዴው ውስጥ ገብስ አለበት። የስንዴ ሊጥ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አየሩን ይይዛል፤ ገብስ ይህ ኃይል የለውም፣ ውሃ ግን ደህና አድርጎ ይጠጣል። በዚያ ላይ የዘንድሮ እህልና ጎተራ የከረመ እህል አንድ ዓይነት አይጠጡም። ታዲያ የውሃው ቦታ ላይ ምን ቁጥር ይጻፍ?

ጣቷን ሊጡ ውስጥ ጠለቅ አድርጋ አወጣችው። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሞላ።

«አየኸው? ተመለሰ። በቃው።»

ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል አነጠፈች፣ ሊጡን ገለበጠች፣ በቅጠል ሸፈነች፣ አክንባሎውን ደፋችበት። ከታች ኩበት ይነዳል፤ ከላይ በቆርቆሮ ፍም ተደረገ። ሰው መከራ ከሁለት በኩል ሲይዘው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም እሳት ከታችም እሳት» የሚባለው ከዚህ ነው። ሰዓት አላየችም። ሽታው ሲቀየር ፍሙን ቀነሰች። ሲወጣ ጀርባውን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ አዳመጠች፤ ባዶ ቤት እንደማንኳኳት ያለ ድምፅ ሰጠ። አበቃ። ያልተጻፈው የምግብ አሠራር ይኸው ነው፤ ጣት፣ አፍንጫ፣ ጆሮ።

*

ስለ አገራችን ምግብ የተጻፈ ታሪክ ስትፈልጉ ቶሎ የምታገኙት ግብርን ነው። ዝነኛው በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ የደገሱት ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዐፄ ምኒልክ ዜና መዋዕል አስፍረውታል፤ ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ጄምስ ማካንም ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የምንለው ነገር ቅርጽ ሲይዝ ከዚህ ድግስ ላይ ሆኖ ያየዋል። ጣይቱ ለእኛ አገር ሩቅ አይደሉም፤ የልጅነታቸው ታሪክ ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ማኅደረ ማርያም ጋር ይያያዛል። ኩራት ይሰማኛል። ግን የድግስ ታሪክ የጥቂት ቀን ታሪክ ነው። በቀረው ጊዜ ምን ተበላ?

ያ ድግስ እንዳለፈ የመጣው ክፉ ቀን ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት በሽታ ገባ። እንደሚገመተው ከ10 ከብት 9ኙ አለቀ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ ረኃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ።

አያቴ ክፉ ቀንን አላየችም፤ የሴት አያቷ ግን የሚያዩት ዕድሜ ላይ ነበሩ። ከእናቷ መጀመሪያ የተማረችው መጋገር ሳይሆን መቀላቀል እንደነበር ነገረችኝ። በደህና ዓመት ጤፉ ከእስቴ፣ ማሽላው ከስማዳ ቆላ በገበያ ይመጣል፤ የደጋው ገብስ ይወርዳል። ዓመቱ ሲከፋ ስንዴው ያንሳል፣ ገብሱ ይበዛል። ሲብስ ጓያ ይገባል። ጓያ ድርቅ ይችላል፤ ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል።

«ጓያን ጣል ነው የምታደርገው» አለችኝ። «በርትቶ ሲርብህ ነው እጅህ መጠንቀቅ ያለበት።»

እዚህ ላይ «እስኪበቃው» የጣዕም ጉዳይ መሆኑ ቀረ። መጠኑን የምታውቅ ሴት ያለችበት ቤት ልጅ ቆሞ ይሄዳል።

*

ስለ ገብስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ እህል ሰብስቧል፤ አገራችንንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከሎች አንዷ ብሎ መድቧታል። ኋላ ደግሞ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ሲያስቸግር፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በየደጋው ገበሬ ሲመርጥ፣ ሴት ስትለቅም የኖረ ዘር ማለት ነው።

ገብሱ ወደዚያ ሲሄድ ስንዴው ወደዚህ መጣ። በ1977ቱ ድርቅ መጣ፤ ከዚያ በኋላም መምጣቱን አላቆመም። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ገቡበት። ደንቡ ቀላል ነው፤ በወር 5 ቀን እርከን ወይም መንገድ ትሠራለህ፣ 15 ኪሎ እህል ትወስዳለህ። አያቴም ድንጋይ ተሸክማለች።

እኔ ከተማ ተምሬ ስለ ጋይንት ስሰማ ያደግኩት ይህን ብቻ ነው፤ ተረጂ አገር። የሚያፍር ልጅ ነበርኩ፤ አገርህ የት ነው ሲሉኝ «ጎንደር» ብዬ ነበር የማልፈው። ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጬ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የእርዳታው ስንዴ ለአያቴ አዲስ ዱቄት ነበር። ነጭ ነው፣ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይደርቃል። የመጀመሪያው ዳቦ አላማራትም። ስለዚህ ገብስ ጨመረችበት፣ ውሃውን ለወጠች፣ እሳቱን አለዘበች። የማንም ባለሙያ አልነገራትም። የተሰጣትን ስንዴ የራሷ ዳቦ እስኪሆን ድረስ ሠራችው።

*

በመጨረሻው ማታ ስለ ቡሄ ጠየቅኋት። ቡሄ፣ ማለትም የደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 ነው። በፍልሰታ ጾም መካከል ስለሚውል ሙልሙሉ ቅቤ አያውቅም፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ። ልጆች በየደጁ እየጨፈሩ ይሰበስቡታል። ለአንድ ልጅ አንድ ሙልሙል፣ ማንም ሳይቀር።

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ፤ ከ6 እስከ 15። በእነዚያ ቀናት ከተማዋ ውስጥ የተፈጸመውን የመድፈርና የዘረፋ ወንጀል አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከጥቂት ወራት በኋላ 16 ሴቶችን አነጋግሮ ይፋ አድርጓል። ቡሄ እዚያው መሃል ዋለ።

«ጋገርሽ?» አልኳት፤ ሞኝ ጥያቄ ነው።

«ጭስ ቤት ያሳያል» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ዓመቱ ተለወጠ። በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት የሠፈሩ ልጆች አበባ ይዘው መጡ። ሌሊቱን ጋግራ አድራ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ሙልሙል ሰጠች። አንዷ ጎረቤት «ምነው ሁለት?» ብትላት «አንዱ የቡሄ ዕዳ ነው» ብላታለች።

*

ከዚያ ጥር ወዲህ አልሄድኩም። ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ መንገዱ አይታመንም፣ ስልኩም አንዳንዴ ለሳምንታት አይገባም። ሰንጠረዤን አልጣልኩትም፤ ቁጥሮቹን አጥፍቼ «ጣት ሲመለስ»፣ «ሽታው ሲቀየር»፣ «ኳ ሲል» ብዬ ሞላሁት። ዳቦዬ አሁን ይበላል። እንደ እሷ ግን አይደለም።

ባለፈው ቡሄ ሙልሙል ጋግሬ ለፎቁ ልጆች አደልኩ። ማታ ደወልኩላት፣ አልገባም። በሦስተኛው ቀን ገባ።

«ለልጆቹ በቃቸው?» አለችኝ፣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ።

«ሁለት ልጆች ሳይደርሳቸው ቀረ፣ እምዬ።»

«እና ምን ታወራለህ? ሂድ አቡካ እንጂ!»