ማስረጃን ያገናዘበ ፖሊሲ፦ አንድ ቃል ከጨፋ መስክ

ጨፌ በኦሮምኛ ውኃ የማይለየው ለምለም የሣር መስክ ነው። በገዳ ሥርዓት ጉባኤው ተቀምጦ ሕግ የሚያወጣው በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ስለነበር ቃሉ የጉባኤውም ስም ሆኗል፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬም «ጨፌ ኦሮሚያ» ይባላል። በአማራ ክልል በከሚሴ ዙሪያ ቦርከና ወንዝን ተከትሎ የተንጣለለው የጨፋ ሸለቆ ስሙ ይህንኑ ቃል ያስታውሳል። ሣሩም ሕጉም በአንድ ስም ከሚጠሩበት አገር የተሻለ መነሻ ለዛሬው ቃል አላገኘሁም።

ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣው «ኤቪደንስ ኢንፎርምድ ፖሊሲ» ነው። በየስብሰባው «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ፖሊሲ» ሲባል እንሰማለን። ይህ ግን ቀድሞት የተለመደው የ«ኤቪደንስ ቤዝድ ፖሊሲ» ትርጉም ነው። ለአዲሱ ቃል እኔ የማቀርበው «ማስረጃን ያገናዘበ ፖሊሲ» የሚለውን ነው። በ«መመሥረት» እና በ«ማገናዘብ» መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ጨፋ ያሳየናል።

ጨፋ ለአፋር አርብቶ አደር የድርቅ ወቅት መጠጊያ ነው። ቆላው ሲነድ መንጋው ወደዚህ ይወጣል፤ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባም እዚሁ ያሰማራል፣ ያርሳልም። በ1994 ዓ.ም. የአፋር ዝናብ ሲዘገይ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ቡድን በሐምሌ ለሁለት ቀን ሸለቆውን አይቶ አጭር ዘገባ አወጣ። ገና በርዕሱ ላይ ጨፋን የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ ይለዋል።

አሁን አንድ ሕግ አርቃቂ ይህን ዘገባ በእጁ ያዘ እንበል። በቁጥሩ ላይ ሕግ ልመሥርት ቢል ችግር ይገጥመዋል። ሐምሌ አፋሮች «ከርማ» የሚሉት ዋናው ዝናብ የሚጠበቅበት ወር ነው፤ ዓመቱ ደህና ቢሆን ኖሮ መንጋው ወደ ቆላው የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የክፉ ዓመት ቁጥር ነው፤ ያውም የሁለት ቀን ጉብኝት ውጤት። ከእሱ ተነሥቶ ሸለቆው በየዓመቱ ይህን ያህል እንስሳ ያስተናግድ ብሎ መደንገግ ስህተት ይሆናል። የክፉ ዓመት ነገር ነው ብሎ መተው ደግሞ የባሰ ስህተት ነው፤ መጠጊያ የሚፈለገው በክፉ ዓመት ነውና። ቁጥሩን ከደህና ዓመት ቆጠራ፣ ከሣሩና ከውኃው አቅም፣ ከአራሹ ችግር፣ ከሽማግሌዎች ቃልና ከሕገ መንግሥቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። አማርኛ ይህን ሥራ «ማገናዘብ» ይለዋል። «ተገነዘበ» እና «ግንዛቤ» የወጡትም ከዚሁ ሥር ነው፤ ያላገናዘበ አልተገነዘበም ቢባል ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

ሕጉስ ምን አለ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች፣ በአማርኛው ቅጂ አጠራር «ዘላኖች»፣ ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ዝርዝሩን ለሌላ ሕግ ይተወዋል። ከጨፋው ዘገባ ሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 የወል ይዞታን የተረጎመው መንግሥት ለአካባቢ ነዋሪዎች ለጋራ ግጦሽ፣ ለደንና ለመሳሰለው ማኅበራዊ አገልግሎት የሚሰጠው መሬት አድርጎ ነው። እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊለወጥ እንደሚችልም ጨምሯል።

«የአካባቢ ነዋሪ» የሚለውን ሐረግ ይዘን ወደ ጨፋ እንውረድ። አባቱና አያቱ በድርቅ ወቅት መንጋቸውን እዚያው ያበሉ፣ ዝናቡ ሲጥል ግን ወደ ሌላ ክልል የሚመለሰው አፋር እረኛ ነዋሪ ነው ወይስ እንግዳ? ትርጉሙ ለእሱ ቦታ አላበጀም። መሬት የማስተዳደር ሥልጣን የየክልሉ በመሆኑም የአማራ ክልል አዋጆች፣ ቁጥር 133/1998ም ሆነ እሱን የተካው 252/2009፣ ከክልሉ ወሰን አያልፉም። አፋርም የራሱ ሕግ አለው። የመንጋው መንገድ ግን ሁለቱንም ያቋርጣል። እኔን የሚያሳዝነኝ ክፍተቱ ከማስረጃ እጦት አለመምጣቱ ነው፤ የፌዴራሉ አዋጅ ሲረቀቅ የጨፋው ዘገባ ታትሞ ነበር።

ማገናዘብ በአገራችን ሆኖ አያውቅም ማለቴ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር የተቋቋመው የሕግና የፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001ን በሥራ ቡድን አስጠንቷል። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ የሚከለክለው ያ ሕግ ነበር። ጥናቱ ከድርጅቶቹ ጋር በተደረገ ምክክር ታይቶ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ።

አንድ ሕግ ማስረጃን ማገናዘቡን ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ቃል ይያዝ፦ «ሐተታ ዘምክንያት»። ከረቂቅ አዋጅ ጋር ወደ ምክር ቤት የሚቀርበው፣ ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳው ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው አንቀጾቹን ያነባል፣ ሐተታውን ይዘለዋል። ጥናቱ መነበቡ ወይም አለመነበቡ የሚታወቀው ግን እዚያ ነው።

አዋጅ 456 በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ የአርብቶ አደር ልማት ፖሊሲም በ2012 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ክልሎች ሕጋቸውን ከአዲሱ አዋጅ ጋር ሲያጣጥሙ ጨፋ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ያኔ ሐተታውን ገልጬ የምፈልገው ጥቂት ነገር ነው። እንስሳቱ በደህናውም በክፉውም ዓመት ተቆጥረዋል? መንጋው የሚወጣበት መንገድ በካርታ ላይ ተሰምሯል? ከሚሴ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ምክር ቤት ምን አለ? የአፋሩን እረኛስ ማን ጠየቀው?