ምጽዋ የቀሩት

ስለ ምጽዋ ጦርነት እስካሁን የተጻፈልን በአብዛኛው የአዛዦች ታሪክ ነው። የትኛው ክፍለ ጦር የት ተሰለፈ፣ ማን አዘዘ፣ ማን ዘገየ። እኔ ለዘንድሮው የዳግም ግንኙነት መጽሔታችን የመረጥኩት ግን በዚያው ወደብ የነበሩትን የወታደር ሚስቶችና ልጆች ነው። ታሪካቸው ሩቅ አይደለም። በተማሪነታችን ከጥቁር አንበሳ ወርደን ሻይ የምንጠጣበት ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ውስጥ ዛሬም ባለቤታቸውን «ምጽዋ ቀረ» የሚሉ እናቶች አሉ። «ሞተ» አይሉም፤ «ቀረ» ነው የሚሉት።

ምጽዋ የብስ ላይ ያለ ሰፈርና ሁለት ደሴቶች ናት። ደሴቶቹን እርስ በርስና ከየብሱ ያገናኙት በ1870ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በግብጽ አገዛዝ ጊዜ፣ በሙንዚንገር የተሠሩ የድንጋይ መንገዶች ናቸው። የመጠጥ ውኃም ያን ጊዜ ከየብሱ፣ ከእምኩሉ፣ በቦይ እንዲመጣ ተደረገ። ለደሴት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የብሱን የያዘ ግን ውኃውንም ያዘ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1970 ሻዕቢያ ከተማዋን አጥቅቶ የብሱን ሲይዝ ደሴቶቹ አልወደቁም። ባሕሩ ክፍት ስለነበር ስንቅም ጥይትም በመርከብ ይገባ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ነገሩ ተቀየረ። በመጋቢት 1980 አፍአበት ላይ የናደው ዕዝ ሲደመሰስ ታንክና ከባድ መሣሪያ በሻዕቢያ እጅ ገባ። በግንቦት 1981 የከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት ደግሞ ሠራዊቱን ነባር ጄኔራሎቹን አሳጣው። የካቲት 1 ቀን 1982 ለሊት ጥቃቱ ሲጀመር የአስመራ መንገድ ተቆረጠ፤ የሻዕቢያ ፈጣን ጀልባዎች ደግሞ የባሕር ኃይሉን መርከቦች መቱ። በሦስት ቀን ውስጥ የብሱ ተያዘ። የተረፈው ጦር ወደ ጥዋለት ደሴት ተገፋ፣ ቤተሰቡም አብሮ።

ቤተሰብ ጦር ሜዳ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። የኢትዮጵያ ጦር እኮ ከጥንትም ቢሆን ሚስቱን፣ ስንቅ አብሳዩንና ልጁን አስከትሎ ነው የሚዘምት፤ አድዋም እንደዚያው ነበር። ምጽዋ ደግሞ ለብዙዎቹ ግንባር ሳትሆን ኑሮ ነበረች። ልጆች እዚያ ተወልደዋል።

የማውቃቸው አንዲት እናት ባለቤታቸው ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ስለ መድፉ ብዙም አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ ውኃ ነው። ባለቤታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው ግማሽ ጄሪካን ውኃ አምጥተው ሲመለሱ ነው። «ለልጆቹ ብቻ» ብለው ነበር የሰጧቸው። አንዳንዱ ጥሙ ሲጠናበት የባሕሩን ውኃ ይጠጣ እንደነበር ይናገራሉ። ኩላሊታችን የባሕርን ያህል ጨዋማ ሽንት ማውጣት ስለማይችል፣ የባሕር ውኃ የጠጣ ሰው ጨውን ለማስወገድ ከጠጣው በላይ ውኃ ያጣል። በሕፃን ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ይህን በክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ በደንብ የገባኝ ግን እርሳቸው ቡና እየቀዱ ሲነግሩኝ ነው።

ውጊያው እስከ የካቲት 9 አካባቢ ዘለቀ። የ6ኛው ነበልባል ክፍለ ጦር አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን መሠዋትን መረጡ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ይዘከራልም። ብዙ የማይነገረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከተማዋ ከወደቀች በኋላ የደርግ አየር ኃይል ደጋግሞ ደበደባት፤ ክላስተርና ናፓልም ቦምብም ተጣለ፣ የእርዳታ እህል ያለበት መጋዘንም ተቃጠለ። የሞቱት በአመዛኙ የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው። የተማረኩት የወታደር ቤተሰቦችም እዚያው ነበሩ። እኚህ እናት ልጆቻቸውን ይዘው ከአባታቸው ጦር አውሮፕላን ተሸሽገዋል።

በግንቦት 1983 አስመራ ስትያዝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችና ቤተሰቦች በትግራይ በኩል ወደ መሀል አገር ተሰደዱ፤ እርሳቸውም ከእነርሱ ጋር። አዲስ አበባ ሲደርሱ ባላቸው ያገለገሉት ሠራዊት ፈርሷል። ማን ይመዝግባቸው? ማንስ መርዶ ይንገራቸው?

ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በቬትናም ጦርነት የጠፉ አብራሪዎችን ቤተሰቦች አጥንተው፣ ሬሳ ያልተገኘለት ሐዘን ከሌላው ሐዘን የተለየ እንደሆነ ጽፈዋል፤ ቤተሰቡ ማልቀስም መጠበቅም አይሆንለትም። እኛ ዘንድ ይህን በሁለት ቃል መግለጽ ይቻላል፦ መርዶ የለም። መርዶ ከሌለ ለቅሶ መቀመጥ፣ አርባ ማውጣት፣ ተዝካር ማድረግ የለም። ትልቁ ልጃቸው ለአባቱ ተዝካር እናውጣ ብሎ ለምኗቸው ነበር። «ማን አረዳኝና?» ብለው እንቢ አሉ። በጤና ጣቢያ ካርዳቸው ላይ የጋብቻ ሁኔታቸው ዛሬም «ያገባች» ነው የሚለው፤ እንዲቀየርም አይፈልጉም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በ1982 እና በ1983 በአስመራም ሆነ በምጽዋ በሕክምና ያገለገላችሁ ታላላቆቻችን እንዳላችሁ አስባለሁ። ያከማችኋቸውን፣ ሲሞቱ ያያችኋቸውን፣ ስማቸውን የምታስታውሷቸውን ጻፉልን። ማኅበሩ ይሰብስበው። እነዚህ እናቶች ስድሳና ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል።